ቴሌስኮፕ በባክፊትስ፦ ለመንገድ ዳር ያዋጣል ወይ?

ከፊቷ ሳጥን ያላት ሳይክል እዚህ ኔዘርላንድስ ባክፊትስ ትባላለች። አብዛኛው ሰው ልጆቹንና አስቤዛውን ይጭንባታል። እኔ ቴሌስኮፕ እጭንባታለሁ። ዘሄግ ላይ ሰማዩ ጠራ ሲል ይዤው እወጣና ያለፈ ያገደመው ሁሉ ጨረቃን፣ ጁፒተርን፣ ሳተርንን እንዲያይ እጋብዛለሁ። በነጻ ነው። እዚህ ያሉ የሀገሬ ልጆች "የትኛውን ልግዛ? ሳይክሏ የግድ ናት? መኪና አይሻልም?" እያሉ ስለሚጠይቁኝ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብያለሁ።

ፍርዱን ከፊት ላስቀድመው። ለመንገድ ዳር የሚያስፈልገው ትልቅ ቴሌስኮፕ አይደለም። ቶሎ ወጥቶ ቶሎ የሚገባ፣ የአምስት ዓመት ልጅም አያቱም ሳይንጠራሩ የሚያዩበት ነው የሚያስፈልገው። በዚህ መለኪያ አነስ ያለ ታጣፊ ቴሌስኮፕና ሞተር የሌላት ተራ ባክፊትስ ሲጣመሩ፣ ብዙ ሺህ ዩሮ ወጥቶበት በመኪና ከሚመጣው ይበልጡብኛል። እንከን የላቸውም ማለቴ አይደለም። አላቸው፣ እንዲያውም አንዳንዱ ያበሳጫል።

መጀመሪያ ቴሌስኮፑ። ስካይ-ዎቸር ሄሪቴጅ 150ፒ ይባላል። የዋናው መስታወት ስፋት 150 ሚሊሜትር፣ የትኩረት ርቀቱ 750 ሚሊሜትር ነው። ከነመቆሚያው ስምንት ኪሎ አይሞላም፣ ስለዚህ በአንድ እጅ አንጠልጥሎ ደረጃ መውረድ ይቻላል። ይሄ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። የዚህ አገር አሮጌ ቤቶች ደረጃ ጠባብና ቀጥ ያለ ነው፤ ከባድ ዕቃ አቅፎ ከሦስተኛ ፎቅ መውረድ በነፍስ መወራረድ ነው። ቱቦው ሁለት ዘንግ ላይ እየተንሸራተተ ይገባል፣ ሲታጠፍም የሳጥኑን ግማሽ እንኳ አይዝም። ዋጋው እንደ ሱቁና እንደ ወቅቱ ከፍ ዝቅ ቢልም ከ300 ዩሮ ብዙም አይርቅም። ታናሽ ወንድምም አለው፣ 130ፒ የሚባል፤ መስታወቱ 130 ሚሊሜትር ነው፣ ኪሎውም ዋጋውም ቀነስ ይላል። ገንዘብ ካጠራችሁ እሱን ያዙ። መንገድ ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው ልዩነቱ ብዙም አይታወቀውም።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ጊዜ ያጎላል?" ብሎ ነው። እሱ ጥያቄ ነው ብዙ ሰው ያስበላው። ዋናው ነገር መስታወቱ ምን ያህል ብርሃን ይሰበስባል የሚለው ነው። የዓይናችን ብሌን ጨለማ ውስጥ በጣም ቢሰፋ 7 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ ባለ 150 መስታወት ከዚያ ከ400 ጊዜ በላይ ብርሃን ይለቅማል። ማጉላቱን የሚወስነው አይፒስ ነው፣ ዓይናችንን የምናስጠጋባት ትንሿ ሌንስ ማለት ነው። ከቴሌስኮፑ ጋር ሁለት ይመጣሉ፦ ባለ 25 ሚሊሜትሩ 30 ጊዜ፣ ባለ 10 ሚሊሜትሩ 75 ጊዜ ያጎላል። በ30 ጨረቃ ሙሉዋን ትገባለች፣ ዙሪያዋም ሰፊ ጨለማ ይተርፋል። በ75 የጁፒተር ቀበቶዎች፣ አራቱ ጨረቃዎቹ፣ የሳተርን ቀለበት ይታያሉ። ከዚህ በላይ ማጉላት ለመንገድ ዳር ብዙም አይጠቅምም፤ የከተማው አየር ይንቀጠቀጣል፣ ምስሉም አብሮ።

አንድ ምክር። ባለ 10ዋ አይፒስ ቀዳዳዋ ጠባብ ስለሆነች መነጽር ያደረገ ሰው ዓይኑን ማስጠጋት ያቅተዋል፣ "ምንም አይታየኝም" ብሎም ይሄዳል። ትንሽ ገንዘብ ጨምራችሁ ሰፋ ያለች፣ ዓይን ራቅ ብሎ የሚያይባት አይፒስ ግዙ። እኔ ከቴሌስኮፑ ቀጥሎ ገንዘብ አውጥታችሁበት አትቆጩም የምለው ይሄን ነው።

መቆሚያው ዶብሶኒያን የሚሉት ዓይነት ነው፣ ታሪኩም ራሱ ከመንገድ ዳር የወጣ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ጆን ዶብሰን በ1915 ቤጂንግ የተወለደ አሜሪካዊ ነው። በ1944 ሳን ፍራንሲስኮ የሚገኝ የቬዳንታ፣ ማለትም የሂንዱ ፍልስፍና፣ ገዳም ገብቶ መነኮሰ። መነኩሴ ገንዘብ ከየት ያመጣል? ከመርከብ መስኮት የወጣ ወፍራም መስታወት እየፈተገ፣ ቱቦውን ከካርቶን፣ መቆሚያውን ከተራ ጣውላ እያበጀ ቴሌስኮፕ መሥራት ጀመረ። ጎማ ገጠመለትና ከገዳሙ ውጪ እየገፋ ለሰፈሩ ሰው ያሳይ ነበር። ገዳሙ አልወደደለትም፣ በ1967 አስወጡት። በዓመቱ እሱና ጓደኞቹ ለመንገደኛ ሰማይ የሚያሳይ ማኅበር አቋቋሙ፣ ዶብሰንም በ2014 በ98 ዓመቱ እስኪያርፍ ሰውን በየእግረኛ መንገዱ እያስቆመ ኖረ። እና ቴሌስኮፕ በጎማ መግፋት የኔ ፈጠራ ነው ብላችሁ እንዳታደንቁኝ።

የዶብሰን መቆሚያ ጥቅሙ ግልጽ ነው። ሞተር የለውም፣ ባትሪ የለውም፣ የሚበላሽ ነገር የለውም። በእጅ ግራ ቀኝ፣ ላይ ታች ይገፋል፣ በቃ። ጉዳቱም ያው ነው፦ ምድር ስለምትዞር ያሳያችሁት ነገር ከመስኮቱ ቀስ እያለ ይወጣል። በ75 ጊዜ ማጉላት ጁፒተር ከዳር እስከ ዳር ለመሻገር ሦስት ደቂቃ እንኳ አይፈጅበትም። ሰልፍ ካለ በየሁለት ሰው መሃል ጎንበስ ብሎ ማስተካከል ግድ ነው። ወገብ የሚያምመው ሰው ይሄን ቀድሞ ይወቅ። እኔ ግን አንድ ነገር ለመድኩ፣ ልጆቹ ራሳቸው እንዲገፉት አደርጋለሁ። አንድ ልጅ ጨረቃን አጥቶ ራሱ ፈልጎ ሲያገኛት ያለው ደስታ፣ እኔ አስተካክዬ ከማሳየው ጋር አይገናኝም።

አሁን ወደ ሳይክሏ ልምጣ፣ ጉዱ እዚያ ነውና። ሁለት ዓይነት አለ። ባለ ሁለት ጎማዋ ረዘም ትላለች፣ ሳጥኗ በመሪውና በፊት ጎማው መሃል ነው። ባለ ሦስት ጎማዋ ሳጥኗ ከፊት በሁለት ጎማ ላይ ይቀመጣል። ባለ ሦስቷ ስትቆም አትወድቅም፣ ይሄ ለጀማሪ ደስ ይላል። ነገር ግን ስትታጠፍ በፍጥነት ከሆናችሁ አንዱን ጎማ ታነሳለች፣ ከፊት ደግሞ ውድ ዕቃ አለ። እኔ ባለ ሁለቷን እመርጣለሁ፤ ለመልመድ ጥቂት ቀን ትፈልጋለች እንጂ ከለመዷት እንደ ማንኛውም ሳይክል ናት። ሞተር ያስፈልጋል ወይ ላላችሁኝ፣ ዘሄግ ሜዳ ናት፣ ስምንት ኪሎ ቴሌስኮፕ ደግሞ ከሁለት ሕፃን ይቀላል። ሞተር ያላቸው አዲሶቹ አምስት ሺህ ዩሮና ከዚያም በላይ ይጠየቅባቸዋል። ለዚህ ሥራ ብላችሁ እንዳታወጡት። ከባሕር የሚመጣው ነፋስ ፊት ለፊት ሲመታችሁ ግን ቃሌን ትረግሙት ይሆናል።

ትልቁ ጠላት ነፋሱ አይደለም፣ ጡቡ ነው። የዚህ ከተማ መንገድ ግማሹ በጡብ የተነጠፈ ነው፣ ሳይክሏ በላዩ ስትሄድ ጥርስ ታንገጫግጫለች። የዚህ ዓይነት ቴሌስኮፕ ሁለት መስታወት አለው፣ ሁለቱም በትክክል ፊት ለፊት መተያየት አለባቸው። በየመንገዱ ሲንገጫገጭ ይዛነፋሉ፣ ያኔ ኮከብ ነጥብ መሆኗ ይቀርና ጭራ ታወጣለች። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ፣ ከጎኑ አሮጌ ብርድ ልብስ፣ ቴሌስኮፑን ደግሞ ቆሞ እንጂ ተጋድሞ አለመጫን። ስትደርሱም ከማሳየታችሁ በፊት አንድ ደማቅ ኮከብ ላይ ፎከሱን አውጡት፣ ኮከቧ ሰፍታ ቀለበት ትሆናለች፤ ቀለበቱ ክብ መሆኑን እዩ። ካልሆነ ከኋላ ያሉትን ብሎኖች ጠበቅ ላላ ማድረግ ነው። የመጀመሪያ ቀን ያስፈራል፣ ከዚያ በኋላ የጫማ ማሰሪያ እንደማሰር ይሆናል። የትራም ሐዲድ ስታቋርጡ ደግሞ በቀጥታ አቋርጡ፣ ጎማው ሐዲዱ ውስጥ ከገባ እናንተም ቴሌስኮፑም አስፋልት ላይ ናችሁ።

ብዙ ሰው ሳጥኗን ጠረጴዛ ላድርጋት ብሎ ያስባል። ቴሌስኮፑ የጠረጴዛ ላይ ነው፣ አጭር ነው፣ ከሥሩ ከፍታ ይፈልጋል፤ ሳይክሏ ደግሞ እዚያው ቆማለች፣ እና ሳጥኗ ላይ ጣውላ አጋድሞ ቴሌስኮፑን ማስቀመጥ የሚያምር ሐሳብ ይመስላል። ፎቶ ላይም ያምራል። ግን አይሠራም። ሳይክል በማቆሚያዋ ላይ ብትቆምም ትወዛወዛለች፤ አንድ ልጅ ሳጥኗን በጣቱ ቢነካ ሳተርን ይደንሳል። እኔ የምጠቀመው ባለ ሦስት እግር በርጩማ ነው፣ የሀገር ቤቱ ዓይነት፣ ወፍራም እንጨት። ሦስት እግር ያለው ነገር ወጣ ገባ ጡብ ላይም አይንገዳገድም። በርጩማው ላይ ሲቀመጥ አይፒሱ የልጅ ዓይን አጠገብ ይሆናል፣ ዊልቸር ላይ ያለ ሰውም ሳይቸገር ያያል። ረጃጅሞቹ ደቾች ናቸው ጎንበስ የሚሉት፣ እነሱ ይጎንበሱ። ሳይክሏን ከነፋሱ በኩል አቁማችሁ ከለላ አድርጓት። ያኔ እውነተኛ ሥራዋን ትሠራለች።

ሌላው ታጣፊ ቱቦ ያለበት እንከን መሃሉ ክፍት መሆኑ ነው። የመንገድ መብራት በጎን ይገባና ምስሉን ያደበዝዘዋል። የልጆች እጅም ይገባል። ከዕደ ጥበብ ዕቃ መሸጫ ጥቁር ቀጭን የስፖንጅ ወረቀት ገዝታችሁ ጠቅልሉት፣ ለሁለቱም መድኃኒት ነው። ፎከሱም በመጠምዘዝ የሚሄድ ቀላል ዓይነት ስለሆነ በብርድ ጓንት ያደረገ ሰው በትክክል ለማስተካከል ይቸገራል። ትልልቆቹ ቴሌስኮፖች ላይ ያለው ይሻላል፣ ይሄ ሐቅ ነው።

የት ይወሰድ? ከተማ መሃል ማሊፌልት የሚባለው ሰፊ መስክ አለ፣ ማዕከላዊ ባቡር ጣቢያው አጠገብ። ሰማዩ ክፍት ነው፣ ሰውም አይጠፋም። ስኼቬኒንገን የባሕሩ ዳር ይበልጥ ሰው ይበዛበታል፣ ግን አሸዋው በነፋስ ተነስቶ መስታወት ላይ ያርፋል፣ አሸዋ ያለበትን መስታወት መጥረግ ደግሞ መፋቅ ነው። ነፋስ ባለበት ቀን ባሕሩ ይቅርባችሁ። የከተማው ብርሃን ያሳስበናል የሚሉ አሉ፤ አዎ፣ ከደቡብ በኩል የቬስትላንድ የመስታወት ቤት እርሻዎች በሌሊት መብራታቸው ሰማዩን ያቀሉታል፣ ሚልኪ ዌይን እርሱት። ለጨረቃና ለፕላኔቶች ግን ብርሃኑ ምንም አያደርግም። የመንገድ መብራት ሥር ሆኖ ሳተርንን ማየት ይቻላል፣ ሰዎች ሲሰሙት አያምኑኝም።

እኔ ይበልጥ የምወደው የፓርላማው ሕንፃ አጠገብ፣ ሆፍፋይፈር ከሚባለው ኩሬ ዳር ነው። በ1608 ኦክቶበር ላይ ሃንስ ሊፐርሃይ የሚባል መነጽር ሠሪ ከሚድልቡርግ ተነስቶ ሩቁን የሚያቀርብ መሣሪያ ይዞ ዘሄግ መጣና የባለቤትነት መብት ጠየቀ። ከልዑል ማውሪትስ ግንብ ላይ ሆነው ሲሞክሩት የዴልፍትን የማማ ሰዓትና የላይደንን ቤተ ክርስቲያን መስኮቶች አዩበት። መብቱን ግን ከለከሉት፤ ሌሎችም ሠርተናል ብለው መጥተው ነበርና። ገንዘብ ግን ከፈሉት። ይሄን እዚያው ቆሜ ለሰልፈኛ ስነግር ደቾቹ ራሳቸው "እውነት?" ይላሉ። የገዛ ከተማቸውን ታሪክ ከሐበሻ መስማታቸው ያስቃቸዋል።

ሃይገንስም የዚሁ ከተማ ልጅ ነው። ክርስቲያን ሃይገንስ በ1629 ዘሄግ ተወለደ፣ በ1655 ታይታንን፣ የሳተርንን ትልቋን ጨረቃ፣ አገኘ፣ ከዚያም በሳተርን ዙሪያ ያለው ነገር ቀለበት መሆኑን ተናገረ። በ2005 ጃንዋሪ ታይታን ላይ ያረፈችው መንኮራኩርም በስሙ የተጠራች ናት። ባለ 150ው ቴሌስኮፕ ታይታንን ያሳያል፣ ከሳተርን ራቅ ብላ አንድ ደብዛዛ ነጥብ ሆና። ለልጆች "ይህችን ነጥብ መጀመሪያ ያያት የሰፈራችሁ ልጅ ነው" ስላቸው ነጥብነቷን ይረሱታል።

ሳተርንን በተመለከተ ግን ሐቁን ልንገራችሁ። ቀለበቱ በየ15 ዓመቱ ገደማ በጎኑ ወደ እኛ ይዞራል፣ በ2025 ማርች ላይም እንዲሁ ሆነ፤ በዚያ ዓመት መጨረሻ ላይ እንኳ እንደ ክር የቀጠነ ነበር። ከኢንተርኔት ላይ ያለውን ሰፊ ቀለበት ጠብቆ የመጣ ሰው ትንሽ ይከፋዋል። ከእንግዲህ ግን በየዓመቱ እየሰፋ ይሄዳል፣ የ2030ዎቹ መጀመሪያ ላይ በጣም ያምራል። ያም ሆኖ ቀጭኑን አይቶ "ሥዕል ለጥፈህበት ነው!" ብሎ ከቱቦው ፊት ሄዶ ያጣራ ሰው አይጠፋም። ጁፒተር ለዚህ ሥራ ይበልጥ ያስተማምናል። በ2026 ጃንዋሪ ከፀሐይ በተቃራኒ ስለነበረ ሌሊቱን ሙሉ ከፍ ብሎ ሲታይ፣ አራቱም ጨረቃዎች ተሰልፈው፣ ምንም ማብራሪያ አያስፈልገውም ነበር። ከሁሉም በላይ ግን ጨረቃ ናት። ግማሽ ስትሆን፣ ጥላና ብርሃን በሚገናኙበት መስመር ላይ ጉድጓዶቿና ተራሮቿ ጎላ ብለው ይታያሉ። ሙሉ ስትሆን ጥላ ስለሌላት ጠፍጣፋ ትሆናለች፣ ዓይንም ታጭበረብራለች። ሰው ግን የሚጠይቀኝ ሁልጊዜ "ሙሉ ስትሆን ትመጣለህ?" ብሎ ነው።

ለሐበሻ መንገደኛ የተለየች አንዲት ኮከብ አለችኝ። በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት እያንዳንዱ አገር አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት እንዲሰይም ዕድል ሲሰጥ፣ ለኢትዮጵያ የደረሳት ኮከብ "ቡና"፣ በዙሪያዋ የሚዞረው ፕላኔት "አቦል" ተባሉ። ቡና በአንድሮሜዳ የከዋክብት ክልል ውስጥ ናት፣ ወደ 200 የብርሃን ዓመት ትርቃለች። በባዶ ዓይን አትታይም፣ በዚህ ቴሌስኮፕ ግን ከተማ መሃልም ትገኛለች። ፈላጊዎች ካላችሁ፦ አልጎልና አልማክ በሚባሉት ሁለት ኮከቦች መሃል ኤም 34 የሚሉት የከዋክብት ስብስብ አለ፣ ቡና ከእሱ አንድ ዲግሪ አለፍ ብላ ነው። በ30 ጊዜ ማጉላት ሁለቱን አንድ ላይ ለማስገባት ይሞከራል። አንዲት እናት ካፖርታቸው ላይ ነጠላ ደርበው ከማኅበር ሲመለሱ አስቆምኳቸው።

"እማማ፣ መሃል ላይ ያለችው ቡና ናት።"

"ይቺ ነጥብ?"

"አዎ።"

"አቦሉስ የታል?"

"አቦሉ አይታይም፣ በጣም ሩቅ ነው።"

"ቡና ብለህ ጠርተህ አቦሉ የለም ትለኛለህ? በል ደህና እደር!"

እውነታቸውን ነው። ኮከብ በየትኛውም ቴሌስኮፕ ነጥብ ናት፣ ስሟ ነው የሚያጓጓው። ስለዚህ ቡናን የማሳየው ጨረቃንና ጁፒተርን አስቀድሜ ነው፣ ሰው በደብዛዛ ነጥብ ጀምሮ እንዳያዝን።

አሁን የሚያበሳጨው። ደመና። ይህች አገር ደመናዋን አትሰስትም። ቡየንራዳር የሚባለው የዝናብ መተግበሪያ ባዶ ሲያሳይ ሰማዩ ጠርቷል ማለት አይደለም፣ ዝናብ የለም ማለት ብቻ ነው፤ የሳተላይት የደመና ምስል ነው መታየት ያለበት። በጋ ደግሞ ይባስ። ጁን ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት አካባቢ ነው፣ በትክክልም አይጨልምም። ልጆች ተኝተዋል። ወቅቱ ከኦክቶበር እስከ ማርች ነው፣ በተለይ ዲሴምበር፣ ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት ይመሻል፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ወጥተው እራት ሳይበሉ ማየት ይችላሉ። ብርዱን ግን ቻሉት። እርጥበቱም አለ፤ አይፒሱ ላይ የሰው ትንፋሽ ያርፍና ጭጋግ ይሆናል፣ ሰልፈኛው "ደመና መጣ" ይላል። ሁለተኛ አይፒስ ኪሳችሁ ውስጥ አሙቁና ተለዋወጡ። በአፍ እፍ ብሎ፣ በሸሚዝ ጫፍ ጠርጎ የሚባል ነገር እንዳይኖር።

የፀሐይ ነገር ላይ ቀልድ የለም። ቴሌስኮፑን በቀን ስትወስዱ ክዳኑን አታንሱ። ከፊት የሚገጠም ትክክለኛ የፀሐይ ማጣሪያ ሳይኖር ወደ ፀሐይ የዞረ ቴሌስኮፕ ዓይን ያጠፋል፣ ለሰከንድም ቢሆን። ልጆች ባሉበት ቴሌስኮፑን ትታችሁ ቡና ልትገዙ አትሂዱ።

ሌሎቹን አማራጮች በአጭሩ። ባለ 200 ሚሊሜትር ሙሉ ዶብሶኒያን ምስሉ በእርግጥ ይበልጣል፣ ግን ከነመቆሚያው ከ20 ኪሎ በላይ ነው፣ ቱቦውም ከአንድ ሜትር በላይ ስለሆነ ከሳጥኑ ይወጣል። መኪናና ጓሮ ላለው ሰው ይሁን። ቀጭን ሌንስ ያለው ባለ ረጅም እግር ቴሌስኮፕ ደግሞ በጨለማ እግሩን ሰው ይመታዋል። አሁን የመጡት ራሳቸው ኮከብ ፈልገው ስልክ ላይ ምስል የሚልኩ፣ እንደ ሲስታር ኤስ50 ያሉት፣ ለፎቶ አስደናቂ ናቸው፣ ኦሪዮን ውስጥ ያለውን የጋዝ ደመና ከነቀለሙ ያወጣሉ፤ ክብደታቸውም 2.5 ኪሎ ገደማ ነው። ነገር ግን ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ሌላ ስልክ እንዲያይ ምን ያደርግለታል? ስልክ ኪሱ ውስጥ አለ። ብርድ ላይ የሚያስቆመው ከጁፒተር የተነሳው ብርሃን ራሱ ዓይኑ ውስጥ መግባቱ ነው።

ሀገር ቤት ይሠራ ይሆን? አዲስ አበባ ዳገቷ ባክፊትስ ይገድላል። እንጦጦ ላይ በ3200 ሜትር ከፍታ ባለ አንድ ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉበት የምርምር ጣቢያ አለ፣ መንገደኛ ግን እዚያ ድረስ አይወጣም። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ሜዳ ናቸው፣ ሰዉም ሳይክል ያውቃል። ደስ የሚለው ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ አንድ ሰዓት አካባቢ መጨለሙ ነው፣ እዚህ ካለው የበጋ ስቃይ ጋር አይወዳደርም። ፕላኔቶቹም ከፍ ይላሉ፣ እዚህ የማናየው የደቡቡ ሰማይም አለ። አንድ ችግር ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ ዶብሶኒያን አናት ላይ፣ በትክክል ከራሳችን በላይ ያለውን ነገር ለመከተል ያስቸግራል፤ ግራ ቀኝ መግፋቱ እዚያ ቦታ ትርጉም ያጣል። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ፕላኔቶቹ ብዙ ጊዜ አናት ላይ ናቸው። ትንሽ ዘንበል እስኪሉ መጠበቅ ነው። ክረምቱንና አቧራውን ደግሞ እናንተ ታውቁታላችሁ።

ለማን አልመክርም? ፎቶ ለማንሳት ለሚፈልግ፣ ብቻውን ጸጥ ብሎ ጋላክሲ ለመቁጠር ለሚፈልግ፣ እና "ስንት ነው? ምን ትሸጣለህ? ጃንጥላህን ስንት ትለዋለህ?" የሚል ጥያቄ ለሚያናድደው ሰው። ጃንጥላ የምትለዋ ቱቦው ላይ የጠቀለልኳት ጥቁር ስፖንጅ ናት።

ለሌላው ሁሉ፣ ቴሌስኮፑን ቀድማችሁ ግዙ፣ ሳይክሏን ግን መጀመሪያ ተዋሱ ወይም በሰዓት ተከራዩ። ሥራው ካልጣማችሁ የምትሸጡት አንድ ዕቃ ብቻ ይሆናል። ከጣማችሁ ያገለገለች ባክፊትስ ማርክትፕላትስ በሚባለው የአሮጌ ዕቃ መሸጫ ድረ ገጽ ላይ ፈልጉ። ስትሄዱ ፍሬኗን ብቻ አትዩ፣ ሳጥኑ ከፍሬሙ ጋር የሚገናኝበትን ብየዳ በባትሪ አብርታችሁ እዩ፤ በ2024 እዚህ አገር የአንድ ታዋቂ ድርጅት ባክፊትሶች ፍሬማቸው ሊሰበር ይችላል ተብሎ ከገበያ ታግደዋል፣ እና ሻጩ ስለ ሞዴሉ ሲጠየቅ ወሬ ከቀየረ ተመለሱ። ሁለት ጠንካራ ቁልፍ ግዙ። አንዱ ለጎማው፣ አንዱ ከምሰሶ ጋር ለማሰር።